ሳንቲም ከየት ይገዛል? ሱቅ፣ ባዛር፣ ሐራጅ ወይስ ኦንላይን

ጠረጴዛዬ ላይ አንዲት የኪስ ሚዛን አለች። እስከ መቶኛ ግራም ታነባለች። ሳንቲም መሰብሰብ ስጀምር አልነበረችኝም። የገዛኋት ከተሸወድኩ በኋላ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኦንላይን አንድ የማሪያ ቴሬዛ ብር አየሁ። ፎቶው ደብዘዝ ያለ ነው። ሻጩ «የአያቴ ዕቃ ነው፤ እኔ ስለ ሳንቲም የማውቀው ነገር የለም» ብሎ ጽፏል። ዋጋው ሌሎች ከሚጠይቁት ግማሹ ነው። እሱ አያውቅም፣ እኔ አውቃለሁ ብዬ ደስ አለኝ። በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የሚባለው ለካ ለእንደኔ ዓይነቱ ነው። ሳንቲሙ መጥቶ ገና ከፖስታው ሳወጣው እጄ ላይ ቀለለኝ። አንድ ወርቅ ሠሪ ጋ ወስጄ አስመዘንኩት። 23 ግራም ከምናምን አለ። እውነተኛው 28.07 ግራም ነው። ጠርዙን አዞርኩት። እውነተኛው ጠርዝ ላይ የንግሥቲቱ መሪ ቃል፣ «ፍትሕና ምሕረት» የሚለው፣ በላቲን ከነጌጡ ጎላ ብሎ ዙሪያውን ይሄዳል። የእኔው ጠርዝ ላይ የነበረው የሞረድ ጭረት ብቻ ነው። ለሻጩ ጻፍኩለት። «እንዳለ ነው የሸጥኩት» አለኝና በዚያው ጠፋ።

ከዚያ በፊት የሳንቲም መግዣ ቦታዎች የሚለያዩት በዋጋ ብቻ ይመስለኝ ነበር። አሁን ግን መጀመሪያ የምጠይቀው ሌላ ነው። ይሄ ሳንቲም የተባለው ሳይሆን ቢቀር ኪሳራው የማን ነው? የእኔ ነው ወይስ የሻጩ? አንዱ ቦታ ርካሽ፣ ሌላው ውድ የሚሆነው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። ውድ የምትሉት ሻጭ ስህተቱን ራሱ ሊሸከም ተስማምቷል። ርካሹ ደግሞ ለእናንተ ትቶላችኋል። ቦታዎቹን በዚህ ዓይን እንያቸው።

ሱቅ ያለው ነጋዴ

የማውቃቸው የቆዩ ሰብሳቢዎች ከየት ትገዛላችሁ ሲባሉ የሚጠሩት ቦታ ሳይሆን ሰው ነው። «የኔ ነጋዴ» ይላሉ። መጀመሪያ ላይ ይህ አነጋገር ያስቀኝ ነበር። አሁን እኔም እላለሁ።

ነጋዴ ጋ ስትገዙ ከሳንቲሙ ዋጋ በላይ ትከፍላላችሁ። እሱ የገዛበትና የሚሸጥበት ዋጋ ልዩነት የሱቁን ኪራይ፣ ትርፉንና እውቀቱን ይሸፍናል። በምላሹ ሳንቲሙን በእጃችሁ ይዛችሁ፣ አገላብጣችሁ፣ በራሳችሁ ሚዛን መዝናችሁ ነው የምትገዙት። ችግር ካለ ደግሞ የምትመለሱበት በር አለ።

እውቀቱ ቀላል ነገር አይደለም። ያንኑ የማሪያ ቴሬዛ ብር ውሰዱ። ንግሥቲቱ የሞተችው በ1780 ነው (እዚህ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ብሩ ግን ከዚያ በኋላም ያንኑ 1780 የሚል ዓመት ይዞ መታተሙን ቀጠለ። ቪየና ብቻም አይደለም፤ ሮም፣ ለንደን፣ ፓሪስና ቦምቤይም ታትሟል። ስለዚህ ላዩ ላይ ያለው ቁጥር ዕድሜውን አይነግራችሁም። ከፎርጅዱ በኋላ አንድ ነጋዴ ጋ ሄጄ ሦስት አስቀመጠልኝ። ለእኔ ሦስቱም አንድ ናቸው። እሱ በአጉሊ መነጽር የንስሩን ጅራት ላባ፣ ከዚያ የንግሥቲቱን የደረት ጌጥ ዕንቁዎች እያሳየ አንዱ የትኛው ከተማ እንደታተመ፣ ሌላው በእኛ ዘመን የታተመ እንደሆነ ነገረኝ። ሦስቱም እውነተኛ ብር ናቸው። ለሰብሳቢ ግን ዋጋቸው አይገናኝም። ይህን ሁሉ ሲያስረዳኝ ገና ምንም አልገዛሁም ነበር።

ጥሩ ነጋዴን ከመጥፎው የምለይባት አንዲት ጥያቄ አለችኝ። «ይሄን ዛሬ ገዝቼህ በሚቀጥለው ወር መልሼ ባመጣው በስንት ትገዛኛለህ?» እላለሁ። ጥሩው ነጋዴ ሳያቅማማ ቁጥር ይናገራል። ቁጥሩ ከሸጠበት ያነሰ ነው፤ ያ ተፈጥሯዊ ነው። መጥፎው ግን ወሬ ይቀይራል፤ «ይሄ እኮ ዋጋው እየጨመረ የሚሄድ ነው» ይላችኋል። እንደዚያ ሲል ሳንቲሙን ጠረጴዛው ላይ መልሱለት።

የነጋዴዎች ማኅበር አባል መሆኑንም ጠይቁ። ዓለም አቀፉ የሙያተኛ የሳንቲም ነጋዴዎች ማኅበር ከ1951 ጀምሮ አለ። አባላቱ ለሚሸጡት ሳንቲም እውነተኛነት ዋስትና ይሰጣሉ። በየአገሩም ተመሳሳይ ማኅበራት አሉ። አባልነት ሰውን መልአክ አያደርገውም። ግን ሲያጭበረብር ስሙን የሚያጣበት ቦታ ይኖረዋል፤ ይሄ ለገዢ ትልቅ ነገር ነው።

የሱቅ ድክመቱ ምርጫው ነው። አንድ ነጋዴ የያዘውን ነው የሚሸጠው። የተለየ አገርና ዘመን የምትሰበስቡ ከሆነ ዓመቱን ሙሉ ብትመላለሱም የምትፈልጉትን ላታገኙ ትችላላችሁ።

ባዛር

ምርጫው የጠበበበት ሰው የሚሄደው ወደ ሳንቲም ባዛር ነው። አንድ አዳራሽ ውስጥ በአሥሮች፣ አንዳንዴም በመቶዎች የሚቆጠሩ ነጋዴዎች ጠረጴዛ ዘርግተው ይቀመጣሉ። በፈረንጆች ዓመት መጀመሪያ በርሊን የሚካሄደው ወርልድ መኒ ፌርና የአሜሪካ ኒውሚስማቲክ (የሳንቲም ጥናት) ማኅበር ነሐሴ አካባቢ የሚያዘጋጀው ትልቁ ትርኢት በዓለም ሰብሳቢዎች ዘንድ የታወቁ ናቸው። ትንንሾቹ በየከተማው አሉ። ለጀማሪ እንዲያውም ትንንሾቹ ይሻላሉ፤ ነጋዴው የሚያወራበት ጊዜ አለው።

የባዛር ጥቅሙ ማወዳደር ነው። አንዱን ሳንቲም በአምስት ጠረጴዛ ላይ ታገኙታላችሁ። ስለዚህ መጀመሪያ ሳትገዙ አንድ ዙር ዙሩ። ይህን ምክር የሚሰጥ ሁሉ ራሱ አይፈጽመውም፤ እኔም አንዳንዴ ሁለተኛው ጠረጴዛ ላይ ኪሴን እከፍታለሁ። ቢሆንም ዙሩ።

ሰዓቱም ለውጥ አለው። ጥሩ ጥሩው ሳንቲም የሚሄደው በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ነው። እንዲያውም አንዳንዱ በሩ ለሕዝብ ከመከፈቱ በፊት በነጋዴዎቹ መካከል ተሽጦ ያልቃል። ቅናሽ የሚገኘው ደግሞ በመጨረሻው ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። ያን ጊዜ ነጋዴው ደክሞታል፤ ሳጥኑን ተሸክሞ ከመመለስ ማራገፍ ይመርጣል። ብርቅ ነገር የምትፈልጉ ጠዋት ሂዱ። ተራውን፣ ርካሹን ሳንቲም የምትፈልጉ በመጨረሻው ቀን ከሰዓት ድረሱ።

ከጠረጴዛው ጥግ አብዛኛውን ጊዜ አንድ የተዘባረቀ ሳጥን አለ። በውስጡ ከመላው ዓለም የመጡ ሳንቲሞች ተቀላቅለው፣ ሁሉም በአንድ ዋጋ ይሸጣሉ። እኔ ሰው ሳንቲም ማየት እንዲለምድ ከፈለግሁ እዚያ ሳጥን ጋ ነው የማስቀምጠው። ቢሳሳት የሚያጣው ትንሽ ነው። እጁ ግን ይማራል፦ የመዳብ ቅዝቃዜ፣ የአልሙኒየም ቅለት፣ የብር ክብደት።

ሳንቲም ስትቀበሉ በጠርዙ ያዙት እንጂ ፊቱን አትንኩ። ከጠረጴዛው በላይ ዝቅ አድርጋችሁ እዩት፤ ቢወድቅ ጨርቁ ላይ ይውደቅ። ከዚያ መብራቱ ሥር ቀስ ብላችሁ አዘንብሉት። ያልታጠበ፣ ገና ከማተሚያው እንደወጣ የቆየ ሳንቲም ላይ ብርሃኑ እንደ ጋሪ መንኮራኩር ይሽከረከራል። በተፈገፈገ ሳንቲም ላይ ግን ብርሃኑ ይቆማል፤ በአጉሊ መነጽር ስታዩት ፊቱ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ በተሰመሩ ቀጫጭን ጭረቶች ተሞልቷል። ያንን ሰው በጥርስ ሳሙና ወይም በጨርቅ አሽቶታል። ያብለጨልጫል፣ ግን ሞቷል። ብዙ ጀማሪ የሚገዛው ይህኛውን ነው፤ የሚያምረው እሱ ነዋ!

ሐራጅ

ሐራጅ ቤት ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ሚሊዮኖችን ነው። እውነት ነው፣ እንደዚያም አለ። የ1933ቱ የአሜሪካ የ20 ዶላር ወርቅ በሰኔ 2021 ኒውዮርክ ውስጥ በሶዝቢስ ሐራጅ ቤት ወደ 18.9 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተሸጧል። ይኸው ሳንቲም በ2002 የተሸጠው በ7.59 ሚሊዮን ነበር። ያኔ ደስ የምትል ነገር ነበረች። ሳንቲሙ በሕግ አገልግሎት ላይ ውሎ ስለማያውቅ ገዢው ከሚሊዮኖቹ በላይ 20 ዶላር ጨምሮ ለአሜሪካ መንግሥት እንዲከፍል ተደረገ። በሳንቲሙ ላይ የተጻፈውን ዋጋ ማለት ነው።

ግን ሐራጅ ለሀብታም ብቻ አይደለም። በለንደኑ ስፒንክ፣ ከ1666 ጀምሮ አለ የሚባለው፣ ወይም በዳላሱ ሄሪቴጅ ከከበሩት ዕቃዎች ጎን ተራ ሰው የሚገዛቸው ሳንቲሞችም ይሸጣሉ። በየአገሩ ደግሞ አነስ ያሉ ሐራጅ ቤቶች አሉ። አሁን ሁሉም ማለት ይቻላል በኢንተርኔት ያጫርታሉ።

ጥንካሬው ሁለት ነው። አንደኛ፣ ሳንቲሙን ባለሙያ አይቶታል፣ ገልጾታል፣ ጥሩ ፎቶ አንስቶታል። ፎርጅድ ሆኖ ቢገኝ አብዛኞቹ ቤቶች በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ገንዘቡን ይመልሳሉ። ሁለተኛ፣ ሱቅ ውስጥ የማይገኝ ብርቅ ነገር የሚወጣው እዚህ ነው። የአንድ ሰው የዕድሜ ልክ ስብስብ አብዛኛውን ጊዜ የሚሸጠው በሐራጅ ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ። ጀማሪ የሚበላው እዚህ ላይ ነው። መዶሻው የወደቀበት ዋጋ የምትከፍሉት ዋጋ አይደለም። ሐራጅ ቤቱ ከገዢው ኮሚሽን ይወስዳል፤ 20 በመቶ አካባቢ የተለመደ ነው። በ1,000 ዶላር ካሸነፋችሁ 1,200 ትከፍላላችሁ። በዚያ ላይ መላኪያ፣ በዚያ ላይ ኢንሹራንስ፣ ከውጭ አገር ከሆነ ቀረጥ። ስለዚህ ሒሳቡን ወደ ኋላ ሥሩት። በጠቅላላው 1,000 ብቻ ማውጣት ከፈለጋችሁ የምትጠሩት ከፍተኛ ዋጋ 833 ነው። ያችን ቁጥር በወረቀት ጻፉና ስክሪኑ አጠገብ ለጥፉ። ጨረታው ሲሞቅ ሰው ከሳንቲሙ ጋር ሳይሆን ከተጫራቹ ጋር ነው የሚጣላው። «ለእሱስ አልለቅለትም» የምትል ድምፅ ከሰማችሁ ኮምፒውተሩን ዝጉ።

ሌላው ነገር የጅምላ ዕጣ ነው፤ ማለትም ብዙ ሳንቲም በጥቅል በአንድ ጨረታ ሲቀርብ። «50 ልዩ ልዩ የብር ሳንቲሞች» የሚል ዕጣ ታያላችሁ። የሐራጁን ደንብ ስታነቡ ለእንደዚህ ዓይነቱ ዕጣ ብዙውን ጊዜ መመለስ እንደማይቻል ተጽፏል። ስህተቱ ወደ እናንተ ተመለሰ ማለት ነው። ዋጋውም ለዚያ ነው የረከሰው። በአካል ሄዳችሁ ካላያችሁት አትግቡበት።

ባትገዙም ከሐራጅ የምትጠቀሙት ነገር አለ። ትልልቆቹ ቤቶች ያለፉ ሽያጮችን ከነፎቷቸውና ከነዋጋቸው ኢንተርኔት ላይ አስቀምጠዋቸዋል። ሻጭ የሚጠይቀው ዋጋ ምኞት ነው። እዚያ የምታገኙት ግን በእርግጥ የተከፈለ ገንዘብ ነው። ሱቅም ሆነ ባዛር ከመሄዴ በፊት እዚያ ነው የማየው።

ኦንላይን

እኔ እዚህ ተሸውጃለሁ፣ ስለዚህ ትንሽ ቂም አለብኝ። ግን ፍትሐዊ ልሁን፦ ከስብስቤ ብዙው የመጣው ከኦንላይን ነው። ከዓለም ዳር ያለ ሰው መሳቢያው ውስጥ ያለውን ሳንቲም በማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ ማየት የምችልበት ሌላ መንገድ የለም።

ኦንላይን ስንል ግን ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ነው የምንቀላቅለው። አንዱ የታወቀ ነጋዴ በራሱ ድረ ገጽ የሚሸጠው ነው። ያ ሱቅ ነው፤ በሩ ብቻ ነው የተቀየረው። ሁለተኛው እንደ ኢቤይ ያለ ገበያ ነው። ሦስተኛው የፌስቡክና የቴሌግራም ግሩፕ ነው። ኪሳራው የማን ነው ብላችሁ ስትጠይቁ ሦስቱ እጅግ ይለያያሉ። ኢቤይ ዕቃው ከተገለጸው የተለየ ሆኖ ሲመጣ ገንዘብ የሚመለስበት አሠራር አለው። የግሩፑ ሻጭ ግን ገንዘቡን በቀጥታ ከተቀበለ በኋላ ብሎክ ቢያደርጋችሁ ለማን አቤት ትላላችሁ?

ኢቤይ ላይ መጀመሪያ የማየው ሳንቲሙን ሳይሆን ሻጩን ነው። ከዚህ በፊት ምን ሸጧል? ሳንቲም ወይስ የስልክ ሽፋን? አሉታዊ አስተያየቶቹን አነባለሁ፤ ለእነሱ የሰጠውን መልስ ደግሞ ይበልጥ። ዕቃ ይመልሳል? ቀጥሎ ፎቶው። የሁለቱም ፊት ፎቶ ከሌለ፣ ወይም ከካታሎግ የተወሰደ ፎቶ ከሆነ እተወዋለሁ። የጠርዙን ፎቶ በሚዛን ላይ ካለ ፎቶ ጋር እጠይቃለሁ። እውነተኛ ሻጭ አንዳንዴ ይነጫነጫል፣ ግን ይልካል።

«ከአያቴ ሳጥን የተገኘ» የሚለውን ታሪክ በተመለከተ፣ አያቶች ሁሉ ሳጥን የነበራቸው ነው የሚመስለው። ታሪኩን አትግዙ። ታሪኩ ከሳንቲሙ ጋር በፖስታ አይመጣም።

ሚዛን ብዙ ፎርጅድ ያጋልጣል። ሞርጋን ዶላር የሚባለው የድሮው የአሜሪካ የብር አንድ ዶላር 26.73 ግራም መሆን አለበት፤ ስፋቱ 38.1 ሚሊ ሜትር ነው። ማግኔት ከሳበው ደግሞ ወሬ የለም፤ ብር በማግኔት አይሳብም። ግን ሚዛን ሁሉን አያድንም። ሳንፍራንሲስኮ በ1893 የታተመው ሞርጋን 100,000 ብቻ ነው፤ ስለዚህ ውድ ነው። ከፊላዴልፊያው የሚለየው ጀርባው ላይ ባለች ትንሽ «ኤስ» ፊደል ነው። አጭበርባሪው ርካሹን የፊላዴልፊያ ዶላር ይወስድና ያችን ፊደል ይለጥፍበታል። ብሩ እውነተኛ፣ ክብደቱ ልክ፣ ስፋቱ ልክ። ውሸቷ አንዲት ፊደል ብቻ ናት። እንዲህ ዓይነቱን ሳንቲም ጥሬውን፣ ማለትም የምዘና ድርጅት ሳያየውና ሳያሽገው፣ ከማታውቁት ሰው ኦንላይን መግዛት ቁማር ነው።

የታሸጉ ሳንቲሞች

መፍትሔው የታሸገ ሳንቲም ነው ይባላል። ፒሲጂኤስ በ1986፣ ኤንጂሲ በ1987 ሥራ የጀመሩ የምዘና ድርጅቶች ናቸው። ሳንቲሙን ባለሙያዎቻቸው ያዩታል፣ እውነተኛ መሆኑን ያረጋግጣሉ፣ ከ1 እስከ 70 ደረጃ ይሰጡትና በጠንካራ ፕላስቲክ ያሽጉታል። ዋስትናም ይሰጣሉ። ማለትም የስህተቱን ሸክም ከገዢና ከሻጭ ላይ አንስቶ ሦስተኛ ወገን ይይዘዋል። ለዚህ ነው ውድ ሳንቲም ኦንላይን የሚገዛ ሰው የታሸገውን የሚመርጠው። ትክክልም ነው።

እዚህ ላይ አንድ ወሬ ልጨምር። ይህን የ70 ደረጃ ያወጣው ዊልያም ሼልደን የተባለ አሜሪካዊ ነው፤ በ1949። ለድሮዎቹ ትልልቅ የአሜሪካ የመዳብ ሳንቲሞች ነበር ያወጣው፤ 70 ያገኘው 1 ካገኘው 70 እጥፍ ያወጣል በሚል ስሌት። ከሞተ በኋላ ግን ሰውዬው ከአሜሪካ ኒውሚስማቲክ ሶሳይቲ ስብስብ ጥሩ ጥሩዎቹን እያወጣ በቦታቸው የራሱን ዝቅ ያሉ ሳንቲሞች ሲተካ እንደነበር ታወቀ። ዛሬ ሁላችንም ሳንቲም የምንለካው በእሱ ሚዛን ነው።

ማሸጊያውም ፎርጅድ ይሠራለታል። ስለዚህ ላዩ ላይ ያለውን ቁጥር በድርጅቱ ድረ ገጽ አስገብታችሁ እዩ። ፎቶ ካለው ፎቶውን አስተያዩ፤ በሳንቲሙ ላይ ያለችው ጭረት ወይም ነጠብጣብ እዚያም መታየት አለባት። ስማቸውን ሰምታችሁ የማታውቁት ድርጅቶች የሚያሽጉትን ደግሞ እንደ ጥሬ ሳንቲም ቁጠሩት። ፕላስቲክ ማሸግ ማንም ይችላል።

ለርካሽ ሳንቲም ግን ማሸጊያ አትግዙ። የምዘናው ክፍያ ከሳንቲሙ ይበልጣልና።

ከማተሚያ ቤቱ በቀጥታ

አዲስ ሳንቲም ለሚሰበስብ ሰው ነገሩ ቀላል ነው። የእንግሊዙ ሮያል ሚንት፣ የአሜሪካው፣ የካናዳው፣ የአውስትራሊያው ፐርዝ፣ ታሪኩን ከ864 የሚጀምረው የፓሪሱ ሞኔ ደ ፓሪ ሁሉም ለሰብሳቢ በቀጥታ ይሸጣሉ። ስለ እውነተኛነቱ መጠራጠር የለም። ጣጣው ዋጋው ነው። የመታሰቢያ ሳንቲም በአማረ ሳጥን፣ ከነሰርተፍኬቱ፣ ከብረቱ ዋጋ በጣም በላይ ይሸጣል። ከጥቂት ዓመት በኋላ ብዙው በሁለተኛ እጅ ገበያ ከዚያ ባነሰ ዋጋ ይገኛል። ቁጥሩ ትንሽ ሆኖ በደቂቃዎች ተሽጦ የሚያልቅም አለ፣ እሱ ሌላ ነው። ስለወደዳችሁት ከሆነ ግዙ። አተርፍበታለሁ ብላችሁ ከሆነ ትንሽ ታገሡ።

ወርቅና ብሩን ለብረቱ ሲል የሚገዛ ሰው ደግሞ የሚፈልገው እንደ ደቡብ አፍሪካው ክሩገራንድ ወይም እንደ ካናዳው ሜፕል ሊፍ ያለውን ነው። ለእሱ የሚያዋጣው የወርቅና የብር ነጋዴ እንጂ የሳንቲም ሱቅ አይደለም። እዚያ የሚወዳደረው ነገር አንድ ብቻ ነው፤ ከዕለቱ የብረት ዋጋ ስንት ጨመሩበት?

በነጻ ማለት የሚቻል

ከባንክ ጥቅል ሳንቲም ወስዶ መፈተሽ የሚባል ነገር አለ። የአሜሪካ የ10 እና የ25 ሳንቲሞች እስከ 1964 ባለው ዓመት 90 በመቶ ብር ናቸው። የእንግሊዙ የ2009 የኪው ጋርደንስ 50 ፔንስ ደግሞ 210,000 ብቻ ነው ለዝውውር የታተመው፤ ከመልስ ውስጥ ያገኙት ሰዎች አሉ። የሚያገኝ ጥቂት ነው። ግን ያላገኘ ሰው ሳንቲሙን መልሶ ባንክ ያስገባዋል፤ የከሰረው ጊዜውን ብቻ ነው።

የአሮጌ ዕቃ ገበያና ጥንታዊ ዕቃ መሸጫ ግን አይስባችሁ። ሻጩ ብዙውን ጊዜ ሳንቲሙን አሽቶታል። ለመታሰቢያ የተሠራ ቅጂም ከእውነተኛው ጋር ተቀላቅሎ ይቀመጣል። አሜሪካ ከ1973 ጀምሮ ቅጂ ላይ «ቅጂ» የሚል ጽሑፍ እንዲታተም በሕግ ታስገድዳለች፤ ሌላ ቦታ የተሠራው ግን ይህ አይገደውም።

ስለ ጥንታዊ ሳንቲም

የግሪክ፣ የሮማ፣ የአክሱም ሳንቲም የምትሰበስቡ ከሆነ እስካሁን ያልኩት ሁሉ ላይ አንድ ነገር ጨምሩ፦ ሳንቲሙ ከየት መጣ? ብዙ አገሮች ከመሬት የወጣ ቅርስ እንዳይወጣ ይከለክላሉ። የዩኔስኮ የ1970 ስምምነት ዓለም አቀፉ መሠረት ነው። ወረቀት የሌለው ጥንታዊ ሳንቲም ዛሬ ርካሽ ቢሆን ነገ ልትሸጡት ስትሞክሩ ሐራጅ ቤቱ አይቀበላችሁም፤ ከዚያም የባሰ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ እዚህ ምርጫ የለም ማለት እችላለሁ። በዘርፉ ልዩ የሆነ ነጋዴ ወይም ሐራጅ፣ ከነደረሰኙና ከነባለቤትነት ታሪኩ። የቀድሞ ሐራጅ ካታሎግ ላይ ፎቶው ያለ ሳንቲም ትንሽ ቢወደድም ያዋጣል።

እና ታዲያ የት?

የመጀመሪያ ሳንቲማችሁን ልትገዙ ነው እንበል። ባዛር፣ ያ የተዘባረቀ ሳጥን። የጎደለች አንዲት ዓመት ፍለጋ የምትዞሩ ከሆነ ኢቤይ፣ ጥሩ ፎቶ ያለው ሻጭ፣ መመለስ የሚፈቅድ። የወር ደመወዝ የሚበላ ሳንቲም ከሆነ ወይ የምታምኑት ነጋዴ፣ ወይ የታሸገ ከሐራጅ። ከግሩፕ ከሆነ በአካል ተገናኝታችሁ፣ ሚዛናችሁን ይዛችሁ፤ አለበለዚያ ይቅርባችሁ።

ከየትም ብትገዙ ዕቃው ሲደርስ ስልካችሁን ቪዲዮ ላይ አድርጋችሁ ክፈቱት። መጀመሪያ መዝኑት፣ ከዚያ ከሻጩ ፎቶ ጋር አስተያዩት። የመመለሻው ቀን ሳያልፍ ወስኑ። እኔ አብዛኛውን ጊዜ ገንዘቤን ያጣሁት ዋጋውን ስላላወቅሁ ሳይሆን ፖስታውን ለሁለት ሳምንት ሳልከፍት ስላስቀመጥኩት ነው። ደረሰኙንም አትጣሉ። ከሳንቲሙ ጋር የመጣው ለስላሳ ፕላስቲክ ከረጢት ፒቪሲ ከሚባለው የፕላስቲክ ዓይነት የተሠራ ሊሆን ስለሚችል ቀይሩት፤ በጊዜ ብዛት አረንጓዴ ነገር እያወጣ ሳንቲሙን ይበላዋል።

ሐራጅ መግባት የምትፈልጉ ደግሞ ለስድስት ወር ዝም ብላችሁ ተከታተሉ። ከእያንዳንዱ ካታሎግ አሥር ሳንቲም ምረጡ። በደብተር ግምታችሁን ጻፉ። መዶሻው ሲወድቅ ከጎኑ እውነተኛውን ጻፉበት። የኔ ደብተር የመጀመሪያዎቹ ገጾች ያሳፍራሉ፤ ሁሉም ግምት ከእውነተኛው በታች ነው። አራተኛው ወር ላይ መቀራረብ ጀመረ። የመጀመሪያውን ዋጋ የጠራሁት በሰባተኛው ወር ነው። አላሸነፍኩም፤ ወረቀቱ ላይ የለጠፍኩትን ቁጥር ሌላ ሰው አለፈውና ኮምፒውተሩን ዘጋሁት።